ወርቅ ፍለጋ ሄጄ ምስማር ለቅሜ መጣሁ

ባለፈው ቅዳሜ አጎቴ ቡና ማሳ ውስጥ ጎንበስ ቀና ስል ዋልኩ። ወገቤ እስካሁን ይሰማኛል። ማሽኑ የኔ አይደለም፤ ጋምቤላ፣ ዲማ ወርቅ ሲሠራ የከረመ ጓደኛዬ ለሳምንት ትቶልኝ የሄደው፣ መሬት ውስጥ ያለ ብረታ ብረት የሚጠቁም ዲቴክተር ነው። አጎቴ ይሄን እንደሰማ "ሰቃ መንገድ ያለው ማሳዬ ውስጥ በአባ ጅፋር ጊዜ የተቀበረ ነገር አለ ሲባል ነው ያደግኩት" አለኝ። ጅማ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ወሬ የሌለው ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር ማሽኑ ወርቅ የሚባል ነገር እንደማያውቅ ነው። ከታች ያለው ክቡ ነገር፣ ኮይል የሚሉት፣ ወደ መሬት መግነጢሳዊ መስክ ይልካል። እዚያ ብረታ ብረት ካለ ውስጡ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል፣ የሱ ምላሽ ደግሞ ተመልሶ ጆሮህ ላይ ይጮሃል። ወርቅም ይጮሃል፣ የቢራ ቆርኪም ይጮሃል። እኛ ጋ ደግሞ አፈሩ ራሱ ይጮሃል! ቀይ ያደረገው የብረት ኦክሳይድ ነው፣ ማሽኑን ከመሬቱ ጋር ካላስተካከልከው ኮይሉን ከፍ ዝቅ ባደረግክ ቁጥር ያንጫርርብሃል። እኔ ይሄን እስክረዳ ድረስ ባዶ አፈር ስቆፍር ነበር።

ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ዋንዛ ሥር ጥርት ያለ ድምፅ ሰማሁ። ኮይሉን በመስቀለኛ አዟዟርኩት፣ ያው ድምፅ፣ ያው ቦታ። አጎቴ ዶማውን ቀማኝ። አንድ ስንዝር ያህል ከወረደ በኋላ ከጓሉ ውስጥ ክብ ነገር ወጣ፣ በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ቢጫ! ልቤ ቀጥ አለች። አጎቴም ዝም፣ እኔም ዝም። በሃይላንድ ውሃ ሳጥበው አንበሳው መጣ፣ ሳገላብጠው ኒያላዋ። የ1969 ዓ.ም. አሥር ሳንቲም። ናስ ነዋ፣ ምን ላድርገው!

የቀረው ሁሉ የቆርቆሮ ምስማር፣ አንድ የማጭድ ስባሪ፣ የጆንያ ወስፌ።

ማታ ለጓደኛዬ ደውዬ ሳለቃቅስበት ሳቀብኝ። "ጅማ ላይ ምን ወርቅ ትፈልጋለህ?" አለኝ። ከተማችን ዙሪያ ያለው መሬት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ድንጋይ ነው፤ ወርቁ ያለበት ከሱ በጣም የቆየ አለት ደግሞ ከሥር ተቀብሯል። ወደ ቆላው፣ ወደ አኮቦ ወንዝ ስትወርድ ነው ተገልጦ የምታገኘው። ሻኪሶም ቤኒሻንጉልም እንደዚያው። እዚያ እንኳን ማሽን ብቻውን ዋጋ የለውም አለኝ፣ ምክንያቱም ዲቴክተር የሚሰማው ፍሬ ያለውን ነው እንጂ ብናኙን አይሰማም። ብናኙን የሚያወጣው ያው ገበቴና ውሃ ነው። ወርቅ ከውሃ 19 ጊዜ ይከብዳል፣ አሸዋ ግን 3 ጊዜ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ስታዞረው አሸዋው ይሄዳል፣ ወርቁ ከታች ይቀራል። ወንዙም የሚሠራው እንደዚያው ነው፣ የውሃው ፍጥነት በሚቀንስበት መታጠፊያና ከትልልቅ ድንጋይ ጀርባ ያስቀምጠዋል። ያንን በዓይኑ የሚያነብ ሰው ማሽን ከያዘው እንደኔ ካለው ይበልጣል።

በነገራችን ላይ፣ ማሳው የአጎቴ ቢሆንም ማዕድኑ የሱ አይደለም። ወርቅ ለማውጣት ከክልሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይሄን ስነግረው "ካገኘን በኋላ እናስብበታለን" አለኝ፣ እኔም አልተከራከርኩም፣ ደክሞኝ ነበር።

አሥር ሳንቲሟን አክስቴ ወሰደቻት፣ ቡና ረከቦቱ ላይ ተቀምጣለች። ምስማሮቹን ግን አጎቴ እሁድ ጠዋት ድንጋይ ላይ እያስተኛ ሲያቃና አገኘሁት። አሥራ አንዱ ደህና ወጥተዋል፣ የዶሮ ቤቱን በር መታባቸው።