ለጓደኛዬ ኤሌክትሪክ ክራር ስሠራ ያበላሸሁት

ጓደኛዬ ክራር ተጫዋች ነው። ሠርግ ላይ ማይኩን ወደ ክራሩ ሲያስጠጉለት ስፒከሩ ያፏጫል፤ ሲያርቁት ደግሞ ክራሩ በኪቦርዱ መሀል ድራሹ ይጠፋል። አንድ ማታ ሞቅ ብሎኝ "እኔ ኤሌክትሪክ እሠራልሃለሁ" አልኩት። በማግስቱ ደውሎ "መቼ ነው የሚደርሰው?" አለኝ።

ማይኩን የሚያስጮኸው ቆዳው ነው። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ቆዳውን መልሶ ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ ገበቴና ቆዳውን ትቼ 4.5 ሴንቲ ሜትር ከሚወፍር የዋንዛ ጣውላ ላይ ቆረጥኩት። ዋንዛ ለመላግ ደስ ይላል፣ ክብደቱም አያስመርርም።

ከምናለሽ ተራ ከተሰበረ ጊታር የተነቀለ ፒካፕ፣ ማለትም የክሩን ድምፅ ይዞ ወደ አምፕ የሚልከውን ዕቃ፣ ከነቮልዩሙ ገዛሁ። ቅዳሜን ሙሉ ስገጥም ውዬ፣ ስድስቱን የናይለን ክር ወጥሬ አምፕ ላይ ሰካሁት። ጭጭ። ሽቦውን ፈትቼ እንደገና በየድኩ፤ አሁንም ጭጭ። ተስፋ ቆርጬ ልነቅለው ስል የካቻቢቴው ጫፍ ፒካፑን ነካውና አምፑ "ጧ!" አለ። ለካ ብረት ነው የሚፈልገው! ፒካፕ በማግኔት ላይ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፤ የሚሰማው ብረት ሲንቀጠቀጥበት ብቻ ነው። ናይለኑን እስከ ነገ ብገርፈው ጆሮ አይሰጠኝም ነበር። የጊታር ብረት ክር ስቀይርለት ጮኸ።

ብረት ክር ግን ጉልበተኛ ነው። አንደኛውን ቃኝቼ ስድስተኛው ላይ ስደርስ አንደኛው ወርዶ ይጠብቀኛል። መቃኛው እየላላ መስሎኝ ሁለት ቀን ስታገለው ከረምኩ፤ የጎበጠው ክሮቹ ከላይ የሚታሰሩበት ቀንበር ኖሯል። የጽድ ነበር፣ በወይራ ቀየርኩት። እምም የሚለውን ድምፅ ደግሞ ክሮቹ ከሚያርፉበት የብረት ብርኩማ ሥር አንድ ሽቦ ወደ ጃኩ ግራውንድ ስወስድ ቀነሰልኝ።

ቫርኒሹ ደረቀ፣ ጓደኛዬን ጠራሁት። አቅፎት ትንሽ ዝም አለና "ግራ እጄን የት ላግባው?" አለኝ።

ክራር በግርፍ፣ ክሮቹን ሁሉ ባንዴ እየገረፉ፣ ሲጫወቱት ግራ እጅ ከክሮቹ ጀርባ ገብቶ የማይፈለጉትን ያፍናል። እኔ ጣውላውን ወደ ላይ አስረዝሜ ለእጁ የተውኩት ክፍተት ለልጅ እንኳን አይበቃም። ስንት ዓመት ሲጫወት ሳየው ዓይኔ ቀኝ እጁ ላይ ነበር። እጁን እዚያው ጣውላው ላይ አስቀምጦ በእርሳስ ዙሪያውን አሰመርኩና 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች በመጋዝ ገባሁበት። የፒካፑ ጉድጓድ ጋ ለመድረስ አንድ ጣት ሲቀረኝ ቆምኩ። ያ ሁሉ ቫርኒሽ ከንቱ።

አሁን ሠርግ ላይ ይዞት ይወጣል፣ ማይክም አያስፈልገውም። ባለፈው ሳምንት ግን "ያ የናይለኑ ድምፅ ናፈቀኝ" አለኝ። ለናይለን ብርኩማው ሥር የሚገባ ፒዬዞ ያስፈልጋል፤ እሱ የሚሰማው ንዝረቱን ስለሆነ ክሩ ብረት ሆነ አልሆነ ግድ የለውም። ከዋንዛው ደግሞ ትንሽ ተርፎኛል።