ለጣና ጀልባ ፕሮፔለር ሲቀየር ቁጥሩ ወደ ታች ነው

ባሕር ዳር ላይ ጀልባ ፍጥነት አንሷታል ሲባል ቶሎ የሚመጣው መፍትሔ «ተለቅ ያለ ፕሮፔለር (ከሞተሩ ታች ውኃ ውስጥ እየዞረ ጀልባዋን የሚገፋው ባለ ክንፍ ክፍል) ይታሰርባት» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጀልባዋ የሚያስፈልጋት ተቃራኒው ነው። ምክንያቱ ሐይቁ ያለበት ከፍታ ነው።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶውን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል ተብሎ ይሰላል፤ ስለዚህ ክዳኑ ላይ 40 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ሞተር ጣና ላይ የሚሰጠው 33 አካባቢ ነው። አብሮት ከካርቶን የሚወጣው ፕሮፔለር ግን የተመረጠለት 40ውን ሙሉ እንደሚያገኝ ታስቦ ነው።

ፕሮፔለሩ ላይ «11 × 13» ዓይነት ጽሑፍ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ቁጥር ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት በኢንች ነው። ሁለተኛው እርምጃው ነው፤ ፕሮፔለሩ እንጨት ውስጥ እንደሚገባ ብሎን ቢሆን በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት ማለት ነው። 13 ኢንች 33 ሴንቲ ሜትር ነው። እርምጃው በረዘመ ቁጥር ሞተሩ በአንድ ዙር ብዙ ውኃ ይገፋል፣ ይከብደዋልም። ለጣና የሚለወጠው ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው። ስፋቱን አትንኩት፤ ሰፊ ፕሮፔለር ጫፉ ከበላዩ ካለው ጠፍጣፋ ክንፍ ጋር ይጠጋጋል፣ ጭነትም ይጨምራል።

በግምት አትግዙ፣ ለኩ። ካንዴላ ገመድ ላይ የሚጠመጠም ትንሽ የዙር መቁጠሪያ ይበቃል፤ ለባለ ሁለት ምት ወይም ለባለ አራት ምት መስተካከሉን ካላያችሁ ግን ግማሹን ወይም እጥፉን ያነብባችኋል። ሐይቁ ሳይናወጥ፣ ጠዋት 1 ሰዓት አካባቢ፣ ጀልባዋ ዘወትር የምትጭነውን ሰውና ነዳጅ ይዛ ውጡና ነዳጁን እስከ መጨረሻው ስጡት። ባዶ ጀልባ ላይ የተለካ ዙር ወደ ዘጌ 15 ሰው ለምታመላልስ ጀልባ አይሠራም። ያገኛችሁትን ዙር የሞተሩ መመሪያ ከፈቀደው ጋር አነጻጽሩ። ለምሳሌ መመሪያው በደቂቃ ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር ቢልና እናንተ 4,700 ብታነቡ ከክልሉ ውስጥ ናችሁ፤ ግን ከታችኛው ጫፍ ላይ። ከእርምጃው 1 ኢንች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ከ13 ወደ 10 ብትወርዱ 5,150 እና 5,300 መካከል ትደርሳላችሁ፤ ለጫኝ ጀልባ ትክክለኛው ቦታ እሱ ነው።

ከክልሉ በታች ተጨንቆ የሚሠራ ሞተር ድምፁ የረጋ ስለሚመስል ሰው ያምነዋል። ውስጡ ግን ካርቦን ይከማቻል፣ ፒስተኑ ይግላል፣ ቀለበቶቹ ይጣበቃሉ፣ ነዳጅም ይበላል። አሮጌ ባለ ካርብራተር ሞተር ከሆነ ሌላም ነገር አለ፦ በስስ አየር ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ይሆናል። ይህ የሚስተካከለው የካርብራተሩን ዋና የቤንዚን ቀዳዳ በአነስተኛ በመቀየር እንጂ በፕሮፔለር አይደለም። ካርብራተሩን መጀመሪያ አስተካክሉ፣ ከዚያ ዙሩን ለኩ።

ሥራው ራሱ አጭር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የካንዴላ ገመዶቹ ይነቀሉ፤ ፕሮፔለር በእጅ ሲዞር ሞተሩ ሊነሳና ጣት ሊቆርጥ ይችላል። መቆለፊያ ፒኑን በፒንሳ አቃንታችሁ አውጡ፣ በክንፉና ከበላዩ ባለው ጠፍጣፋ መካከል ጣውላ አስገቡና ዳዶውን ፍቱ። ሮንዴላዎቹን ስታወጡ ቅደም ተከተላቸውንና የትኛው ፊታቸው ወደፊት እንደነበር በስልክ ፎቶ ያዙ። በተለይ ከፕሮፔለሩ ፊት ያለው ወፍራም ሮንዴላ ግፊቱን በሙሉ የሚቀበል ነው፤ ከተረሳ ወይም ከተገለበጠ ፕሮፔለሩ የካምቢዮውን ቤት ይፈጫል።

አክሱሉ ሲራቆት ከሥሩ የተጠመጠመ የመረብ ክር ፈልጉ። ጣና ላይ የናይለን መረብ ብዙ ነው፣ ክሩም ሞቆ ፓራዮሊዮውን፣ ማለትም ዘይቱ እንዳይወጣ ውኃም እንዳይገባ የሚይዘውን ላስቲክ፣ ይቆርጠዋል። የታችኛው ካምቢዮ ዘይት ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል ማለት ነው፤ ፓራዮሊዮው ሳይቀየር አዲስ ፕሮፔለር ማሰር ገንዘብ ማባከን ነው።

የአክሱሉን ጥርሶች ጠርጋችሁ ውኃ የማያጥበው ግራሶ ቀቡ። ሳይቀባ የታሰረ ፕሮፔለር ከዓመት በኋላ በመዶሻ ካልሆነ አይወጣም፣ መዶሻው ደግሞ ካምቢዮውን ይጎዳል። ዳዶውን መመሪያው በሚለው መጠን አጥብቁ። የአክሱሉ የፒን ቀዳዳ ከዳዶው ጥርስ ጋር ካልገጠመ ትንሽ አጥብቃችሁ አገናኙት፣ አላልታችሁ አይሁን። ፒኑ አዲስና የማይዝግ ይሁን፤ የታጠፈ ፒን ድጋሚ ሲታጠፍ ይሰበራል። በመጨረሻ ፎሌ ላይ (ካምቢዮው ምንም ማርሽ ሳይገባ) ፕሮፔለሩን በእጅ አዙሩትና የሚነካው ነገር አለመኖሩን እዩ።

አዲሱን ስትሞክሩ ዙሩ በድንገት ጮኾ ጀልባዋ ካልተጎተተች ጥፋቱን ወዲያው ፕሮፔለሩ ላይ አታድርጉ። ሞተሩ ከፍ ብሎ ታስሮ አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል፤ ጠፍጣፋው ክንፍ ከጀልባዋ ወለል ጋር እኩል ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ቁመቱ ደህና ከሆነ የፕሮፔለሩ የውስጥ ላስቲክ ተንሸራትቶ ይሆናል። ከመሃሉ እምብርት እስከ ውጨኛው አካል ድረስ አንድ መስመር በቀለም አስምሩ፣ ጠንከር አድርጋችሁ ንዱ፣ ተመለሱና እዩ። መስመሩ ከተሰበረ ላስቲኩ አልቋል።

ብረቱን በተመለከተ ለጣና አሉሚኒየም ይሻላል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ውኃው ሲወርድ በደሴቶቹና በዘጌ ዳርቻ ያለው ጥቁር ድንጋይ ለክንፍ ቅርብ ይሆናል፤ ግልገል ዓባይ በሚገባበት በኩል ደግሞ ደለል አለ። አሉሚኒየም ሲመታ ይታጠፋል፣ የማይዝገው ብረት ግን ምቱን ወደ ካምቢዮው ጥርሶች ያሳልፈዋል። ጫፉ ትንሽ የታጠፈን ክንፍ በመዶሻ ማቃናት ለመመለሻ መንገድ ይሆናል፣ ለሥራ ግን አይሆንም፤ ክንፎቹ እኩል ካልሆኑ ንዝረቱ ኩሽኔታውን ይበላል።

በፎገራና በደምቢያ በኩል የምትሄዱ ከሆነ ትንሽ እርምጃ ያለው ፕሮፔለር እምቦጭን ያሸንፋል ብላችሁ አትግቡበት። ሥሩ ይጠመጠማል፣ የማቀዝቀዣ ውኃ መግቢያውንም ይደፍናል። ከሞተሩ ጎን የሚፈሰው ቀጭን የውኃ ጅረት ሲቆም ሞተሩን በዚያው ቅጽበት አጥፉ፣ ፎሌ ላይ አድርጉ፣ ወደ ላይ አንሡትና በእጅ አጽዱ። አሮጌው ፕሮፔለር ደህና ከሆነ ከዳዶ፣ ከሮንዴላ፣ ከሁለት ፒንና ከቁልፍ ጋር በጀልባዋ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ደቅ ላይ ክንፍ ቢሰበር መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ በቅርብ የለም።