በደሴ የፓርቲዎች የጋራ መግለጫ ለማውጣት ለምታስቡ

የደሴና የኮምቦልቻ የተቃዋሚ ፓርቲ ቅርንጫፎች አንድ ላይ መግለጫ እንዲያወጡና ሕዝባዊ ስብሰባ እንዲጠሩ የተቋቋመ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። መግለጫው ወጥቷል። ግን መውጣት በነበረበት ጊዜ አልወጣም፤ መፈረም የነበረባቸውም ሁሉ አልፈረሙም። ቀድሞ የሚነግረን ሰው ቢኖር ኖሮ ግማሹ ጣጣ አይደርስብንም ነበርና ይኸው እኔ እነግራችኋለሁ።

ሲጀመር ለኮሚቴው ስም አታውጡለት። አገር ሲታመስ ሁሉም “ግንባር እንፍጠር፣ እንዋሃድ” ይላል። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ውህደትም፣ ግንባርም፣ ቅንጅትም ምርጫ ቦርድ ቀርበው የሚመዘገቡ ናቸው፤ የዞን ቅርንጫፍ የሚወስነው ነገር አይደለም። “ቅንጅት” የተባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት በ1997 በ4 ፓርቲዎች ተመሥርቶ ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን አሸነፈ፤ ከምርጫው በኋላ በዚያ ሁሉ ቀውስ መሃል ወደ ውህደት ሲሄድ ግን ከአራቱ አንዱ የነበረው ኢዴአፓ-መድኅን ውጭ ቀረ። ኢዜማ (የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ ፓርቲ) በ2011 ሲመሠረት 7ቱ ፓርቲዎች መጀመሪያ ራሳቸውን አክስመው ነው የመጡት፤ ያኔም ምርጫው ገና ሩቅ ነበር። በቀውስ ጊዜ አንድ ወረቀትና አንድ ስብሰባ ይበቃል።

ከማዕከል፣ ማለትም አዲስ አበባ ካለው የየፓርቲው ዋና ቢሮ፣ የሚመጣው ምክር ሁልጊዜ “በፕሮግራም ሳንስማማ አብረን አንሠራም” የሚል ነው። አትስሙት። ስለ መሬትና ስለ ፌዴራል አወቃቀሩ ክርክር ከተከፈተ ዓመት ይበላል። እኛ የእያንዳንዱን ፓርቲ የቅርብ ጊዜ መግለጫዎች ሰብስበን ጥያቄዎቹን በእስክሪብቶ አሰመርንባቸውና በሁሉም ላይ የተገኘውን ብቻ አወጣን፦ ተኩስ ይቁም፤ የታሰሩት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረቡ፤ መንገድ ይከፈት። ማንም አዲስ ነገር እንዲቀበል ስላልተጠየቀ ይህ ክፍል ያለ ጭቅጭቅ አለቀ።

ሰብሳቢው ከፓርቲ ውጭ ይሁን። እኛ አበጋር፣ ማለትም የተጣላ የሚያስታርቅ የአገር ሽማግሌ፣ አስቀመጥን፤ ወሎ ውስጥ በአበጋር ፊት ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው ትዝብቱን ይፈራል። ዓርብ ቀትርና እሑድ ጠዋት ስብሰባ አይያዝ። የስም ቅደም ተከተሉን በዕጣ ጨርሱት፤ በፊደል ተራ ይሁን ከተባለ ግማሾቹ “የኢትዮጵያ” ብለው ስለሚጀምሩ ጠቡ ወደ ሁለተኛው ቃል ይሻገራል።

አሁን ወደ ማኅተሙ። የቅርንጫፍ ሰብሳቢ ሁሉ “እፈርማለሁ” ይላል። ሥልጣን አለው ወይ የሚለውን ማንም አይጠይቅም፤ መጠየቁ ንቀት ይመስላል። ክብ ማኅተም በመሳቢያው ውስጥ አለ፣ ግን ለአባላት መታወቂያና ለውስጥ ደብዳቤ የተሰጠው ነው፤ ፖለቲካዊ አቋም የሚያወጣው ማዕከሉ ነው። ረቂቁ ሲያልቅ አንዱ ፓርቲ ወደ አዲስ አበባ ላከው። “ሥራ አስፈጻሚው ይየው” ተባለ። ሥራ አስፈጻሚው አየውና “ሁሉን አቀፍ ድርድር” የሚለውን ሰርዞ “የሽግግር መንግሥት” አለበት። ይህን ያዩት ሌሎቹ ደግሞ በየራሳቸው ማዕከል መልሰው ማስፈቀድ ነበረባቸው። ከ2014ቱ የመንግሥት ምሥረታ ወዲህ የአንዳንድ ፓርቲዎች መሪዎች ካቢኔ ውስጥ አሉ፤ እንዲህ ዓይነቱን ቃል መፈረም ለነሱ ወንበራቸውን ልቀቁ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ሐረጉ ወጣ፤ ሲወጣ ያስገባው ወገን ተቆጣ፤ ወረቀቱ እንደገና ወደ ሸገር። ይሄ ሁሉ ሲሆን መግለጫ የሚወጣላቸው እስረኞች እዚያው ናቸው። አዲስ አበባ ቡና እየጠጡ ስለ አንድ ሐረግ ሲራቀቁ የነበሩትን ሰዎች እስካሁን በቀና ዓይን ማየት አልቻልኩም።

አንድ ፊደል ከመጻፉ በፊት እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ከማዕከሉ የአንድ ገጽ ውክልና ያምጣ። የተወካዩና የምክትሉ ስም፣ የሚፈርሙባቸው ጉዳዮች ተዘርዝረው፣ ውክልናው የሚያበቃበት ቀን፣ የወጪ ቁጥር፣ የሊቀ መንበሩ ፊርማና ክብ ማኅተም ይኑርበት። ቀን ቁረጡ፤ በቀኑ ያላመጣ ታዛቢ ሆኖ ይቀመጥ እንጂ አይጠበቅ። ረቂቁ ካለቀ በኋላ ማዕከል ወይ ይቀበል ወይ ይተው፤ ማረም አይችልም የሚል አንቀጽ ቃለ ጉባኤው ላይ አስፍሩ። መውጣት የፈለገ ፓርቲ በጽሑፍ ያሳውቅ፤ የፈረመው ግን አይሰረዝም።

ሁለተኛው ወጥመድ ኮምፒዩተሩ ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ረቂቁ በፍላሽ ነው የሚዞረው፣ ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ተመልሶ። አንዱ በፓወር ግዕዝ የጻፈውን ሌላው ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፍተው የፈረንጅ ፊደልና የነጥብ ክምር ይሆናል። ያኔ ጸሐፊዋ ከታተመው ላይ አይታ እንደ አዲስ ትጽፈዋለች፤ “አይደለም” ውስጥ “አይ” የወደቀችው እንዲህ ነው። ከመጀመሪያው በዩኒኮድ፣ በኒያላ ተጻጻፉ። ማኅተምና ፊርማ መጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ ካለ የፊተኞቹን ገጾች መቀየር ቀላል ነው፤ ስለዚህ በየገጹ ግርጌ ቲተር (የስም ማኅተም) እና አጭር ፊርማ ይረፍ። ማኅተም ከቢሮ አይወጣም የሚል ስለማይጠፋ ወረቀቱ ራሱ ወደየማኅተሙ ይዙር። በፓርቲዎቹ ቁጥር ልክ ኦሪጅናል አትሙ፣ አንድ ለመዝገብ ጨምሩ። የመዝገቡን ግን ፓርቲ ቢሮ አታስቀምጡ፤ ቢሮ ይታሸጋል።

የስብሰባውን ማሳወቂያ በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ግልጽ ነው። ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ታሳውቃላችሁ፤ ዓላማውን፣ ቦታውን፣ ቀንና ሰዓቱን፣ የአዘጋጆቹን ስም፣ አድራሻና ፊርማ ጨምራችሁ። ማሳወቅ ነው እንጂ ፈቃድ መለመን አይደለም። ቦታው ወይም ጊዜው ይቀየር የሚል ባለሥልጣን ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድና ከሆስፒታል 100 ሜትር፣ ከጦር ሰፈር 500 ሜትር መራቅም አለ፤ በደሴ ይህ ብቻውን ብዙውን የመሃል ከተማ ያስቀረዋል፣ በሜትር ለክታችሁ ሂዱ።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ 6 ወር ቆይቶ 4 ወር ተራዝሞ ነበር። ካበቃም በኋላ ቢሮዎቹ እንዳለ አድርገው ነው የሚሠሩት። የእኛን ደብዳቤ የተቀበለው ኃላፊ ሳይከፍተው “ፈቃድ አልተሰጠም” አለ። ማን ጠየቀው? በጽሑፍ ስጠን ስንለው “ነገ ተመለሱ”፤ ነገ ደግሞ “ስብሰባ ላይ ናቸው”። የአዳራሹ ባለቤት በበኩሉ ከከተማው ደብዳቤ ካልመጣ አላከራይም አለ፤ ቀብዱንም ለማስመለስ ደጅ ጠናን። ቀብድ ስትከፍሉ ስብሰባው ከተከለከለ ይመለሳል የሚል ቃል ደረሰኙ ላይ አጽፉ።

መዝገብ ቤት “አልቀበልም” ካለ አትከራከሩ። እምቢ ያለበትን ሰዓት ጽፋችሁ በቦታው ያሉ ሁለት ሰዎች ይፈርሙበት፤ ደብዳቤውንም በዚያው ቀን በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ (ተመዝግቦ በደረሰኝ በሚላክ ደብዳቤ) ላኩት። የፖስታውን ደረሰኝ ከግልባጩ ጋር ስፒል አድርጉት፤ አቤቱታ ስታስገቡ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።