ቤቱ ባዶ እንዳይቀር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልመስክር።

የአይሱዙ ሹፌር ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ጤፍ ጭኜ አዲስ አበባ አራግፋለሁ። 17 ዓመት ሲጋራ አጭሻለሁ። ዐባይ በረሃን ስወርድ አጨሳለሁ፣ ስወጣ አጨሳለሁ፣ ጎሐ ጽዮን ስደርስ ደግሞ ከቡና ጋር። በቀን አንድ ፓኮ አይበቃኝም ነበር። ቅዳሴ ስሄድ በጠረኔ አፍሬ ከቅጽሩ ውጭ ዛፍ ሥር እቆማለሁ። እናቴ ውስጥ ሆና ታለቅስልኛለች።

አምና በዐቢይ ጾም እሷው ራሷ ሰከላ ወሰደችኝ፣ ግሽ ዓባይ ጠበል። ዐባይ የሚፈልቅበት ቦታ ነው። አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጥተው ሳይርሱ እንደተቀበሉ አባቶች ይነግሩናል። እህል ቀምሶ ወደ ምንጩ አይቀረብም። 7 ቀን ተጠመቅሁ። «ጌታዬ፣ እኔ አቅቶኛል፤ አንተ ንቀልልኝ» አልኩ። 3ኛው ቀን ከሁሉም ከበደኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እናቴን ሳይቀር እቆጣታለሁ። ከዚያ ቀለለኝ። ከዚያ ወዲህ ሲጋራ ከአፌ አልገባም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ግን ሌላ ጉድ መጣ። ረሃብ። ጋቢናው ከረሜላና ብስኩት ሆነ። ለስላሳ በላይ በላዩ። ማታ ደጀን ቆሜ በቅባት የሚዋኝ ጥብስ እበላለሁ። በ4 ወር 9 ኪሎ ጨመርኩ። ቡናም አልስማማ አለኝ፤ ከአቦሉ ጀምሮ ልቤ ይደልቃል፣ ሌሊቱን ዓይኔ አይከደንም። ፈርቼ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ግፊቴ ከፍ ብሏል። ሲስተሯ አስረዳችኝ፦ ኒኮቲን የምግብ ፍላጎቴን አፍኖት ኖሯል። የሚያጨስ ሰው አካል ደግሞ ካፌይንን ቶሎ ያስወግዳል፤ ሲያቆም ግን ደም ውስጥ ይቆይበታል። ያው የለመድኩት ቡና ነው የበረታብኝ።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ «አባቴ፣ ከአንዱ ወጥቼ ሌላው ውስጥ ገባሁ» አልኳቸው። ማቴዎስ ምዕራፍ 12ን ነገሩኝ። የወጣው ርኩስ መንፈስ ሲመለስ ቤቱን ተጠርጎ ግን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፤ ሌሎች ሰባት ይዞ ይገባል። «ልጄ፣ ቤቱን እግዚአብሔር ጠርጎልሃል። አንተ ምን አስገባህበት?» አሉኝ።

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ረቡዕና ዓርብን ድሮም እጾማለሁ እል ነበር፤ እስከ 9 ሰዓት እህል ሳልቀምስ፣ ግን እያጨስኩ። ያንን ጾም ለማለት አፌ አይደፍርም። አሁን ስጾም እውነተኛ ረሃብ ይሰማኛል፣ ያን ጊዜ «አቤቱ ማረኝ» እላለሁ። ባለቤቴ የገብስ ቆሎና የተፈጨ በሶ ትቋጥርልኛለች። «መንገድ ላይ እንዳትበላ አንተዬ፣ እኔ አለሁልህ» ትለኛለች። ወጡን በጥቂት ዘይት ትሠራዋለች፣ ጎመን ከገበታችን አይጠፋም። ቡና ጠዋት አንድ ስኒ ብቻ። ጭነት ሲጫን ድሮ ጋቢና ውስጥ እተኛ ነበር። አሁን ረዳቴን ትቼ በእግሬ ዞር ዞር እላለሁ። ዳገት ስወጣ አያፍነኝም። ግፊቴም ወርዷል፣ ክብር ለስሙ።

ኅዳር 12 የሚካኤል ዕለት፣ ከዛፉ ሥር ተነስቼ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ካህኑ ጽናውን ይዘው ከዲያቆኑ ጋር በአጠገቤ አለፉ። ዕጣኑ ሸተተኝ። ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ነጠላ ላይ የማውቀው ሽታ። እናቴ ከሴቶቹ በኩል ዞር ብላ አየችኝና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።