የቬነስን ፀጉር ተከትዬ

ፍሎረንስ፣ ኡፊዚ ሙዚየም። የጣሊያናዊው ሠዓሊ የቦቲቼሊ «የቬነስ ልደት» ሥዕል ፊት ቆሜያለሁ። ቆሜያለሁ ስል ተጋፍቼ ማለቴ ነው። ሰው ሁሉ ስልኩን ከፍ አድርጎ የውበት አምላኳን የቬነስን ፊት ያነሳል። እኔ የመጣሁት ለፀጉሯ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቢ ቫርቡርግ የሚባል ጀርመናዊ የጥበብ ታሪክ አጥኚ የዶክትሬት ጽሑፉን የሠራው በዚህ ሥዕልና በሌላው የቦቲቼሊ ሥዕል በ«ፕሪማቬራ» ላይ ነው። በ1893 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። ጥያቄው የልጅ ይመስላል፤ ፀጉሩና ልብሱ ለምን እንዲህ ይውለበለባል? ጠጋ ብዬ አየሁት። የፀጉሯ ጫፍ ተጠቅልሎ በነፋሱ ወደ ጎን ይሄዳል። ካባ ይዛ የምትቀበላት ሴት ቀሚስም እግሯ ላይ ተለጥፎ ከኋላዋ ይርገበገባል። ፊታቸው ላይ ግን ምንም የለም። ነፋሱን የሰሙት አይመስሉም።

ጥያቄው እንዴት ደፋር እንደነበር የሚገባን ዊንክልማንን ስናውቅ ነው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ የጥበብ ታሪክ ጸሐፊ፣ የጫማ ሰሪ ልጅ ነው። በ1764 ባሳተመው መጽሐፍ የጥንቱን ጥበብ በዘመንና በአሠራር ስልት ከፍሎ አሳየ። የግሪክ ሐውልት ውበቱ እርጋታው ነው ብሎ አውሮፓን አሳመነ። (እሱ ራሱ ግሪክን ሳይረግጥ ነው የሞተው። በ1768 ትሪየስቴ ውስጥ ባረፈበት ሆቴል ተገደለ።) ቫርቡርግ ደግሞ መጥቶ «ኧረ እርጋታው የታለ?» አለ እንደማለት ነው። እንደ ቦቲቼሊ ያሉ የህዳሴ (ሬኔሳንስ) ዘመን ሠዓሊዎች እንቅስቃሴ ማሳየት ሲፈልጉም ወደ ጥንቱ ዓለም ይሄዱ ነበር ባይ ነው።

ሙዚየሙ ራሱ የጆርጆ ቫሳሪ ንድፍ ነው። ግንባታው በ1560 ሲጀመር የታሰበው ለቢሮ ነበር፤ ስሙም «ቢሮዎች» ማለት ነው። ይኸው ቫሳሪ በ1550 የሠዓሊዎችን የሕይወት ታሪክ አሳተመ። ለፍሎረንስ ያዳላል፤ አንዳንዴ ወሬም ይቀላቅላል። ቢሆንም ስለ ህዳሴ የሚጽፍ ሁሉ እሱን ሳይጠቅስ አያልፍም።

ከዚያ ወደ ቫርቡርግ ከተማ፣ ሃምቡርግ። ቀኑን ተሳስቼ ስደርስ ዝግ ነበር። ጥፋቱ የራሴ ነው። በማግስቱ ተመልሼ ገባሁ። የቫርቡርግ ቤተ መጻሕፍት በ1926 የተከፈተ የጡብ ሕንፃ ነው። በሩ ላይ በግሪክ ፊደል «ምኔሞሲኔ» ተጽፏል፤ ትዝታ ማለት ነው። የማንበቢያ አዳራሹ ሞላላ ነው።

ስለ ሰውየው አንድ ጨዋታ አለ። የባንክ ባለቤት የበኩር ልጅ ነው። በ13 ዓመቱ ብኩርናውን ለታናሽ ወንድሙ ለማክስ ሸጠ። ኤሳው በምስር ወጥ፣ እሱ በመጽሐፍ፤ «የምፈልገውን መጽሐፍ ሁሉ ትገዛልኛለህ» በሚል ውል። ማክስ የልጅ ነገር ነው ብሎ እሺ አለ። ምስኪን፣ ባዶ ቼክ መፈረሙ ነበር።

ግን የያኔዎቹ መጻሕፍት ዛሬ እዚያ የሉም። ቫርቡርግ በ1929 ሞተ። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 መጨረሻ ባልደረቦቹ 60 ሺህ ገደማ መጻሕፍት በመርከብ ጭነው ወደ ለንደን አሸሹ። እዚያው ሃምቡርግ የጥበብ ታሪክ ያስተምር የነበረው ፓኖፍስኪም አይሁዳዊ በመሆኑ ከሥራው ተባሮ አሜሪካ ገባ። የጥበብ ታሪክ ትምህርት እንዲህ ተበትኖ ነው ዓለምን ያዳረሰው።

እኔም መጻሕፍቱን ተከትዬ ለንደን ሄድኩ። ያው የግሪክ ቃል በር ላይ አለ። የጥበብ ታሪክ ጸሐፊው ጎምብሪክ ከ1959 እስከ 1976 የመራው የቫርቡርግ ተቋም ነው። መደርደሪያው የተከፈለው በአራት ርእሶች ነው፤ ምስል፣ ቃል፣ አቅጣጫ፣ ድርጊት። አስማትና ሳይንስ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቫርቡርግ የጎረቤት ነገር ይገባው ነበር። የምትፈልገው መልስ ብዙ ጊዜ ያለው ልታነሳው በመጣኸው መጽሐፍ ውስጥ አይደለም፤ ከጎኑ ባለው ነው ይል ነበር።

ማጋነን መስሎኝ ነበር። ስለ ቦቲቼሊ የተጻፈ መጽሐፍ ፍለጋ ወጣሁና መደርደሪያ ተሳሳትኩ። ዘንድሮ ቀንም መደርደሪያም እየሳትኩ ነው። እጄ የገባው ስለ ጥንት ሮማውያን የድንጋይ ሬሳ ሣጥኖች የሚያወራ ነበር። ልመልሰው ስል መሐሉ ላይ ተገለጠ። የምትጨፍር ሴት። ፀጉሯ ወደ ኋላ ተበትኗል፣ ቀሚሷ እግሯ ላይ ተለጥፎ ከኋላዋ ይርገበገባል። ፊቷ ላይ ምንም የለም።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።