የቤዜን ክር ዝቅ ሳደርግ ያላየሁት አንገት

ቤዝ ጊታሬን የገዛሁት ነሐሴ ላይ ነው። ያገለገለ፣ ባለ አራት ክር። ክሮቹ ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) በጣም ርቀው ስለነበር ግማሽ ሰዓት ተጫውቼ ግራ እጄ ይዝላል። አንድ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። የቤዙን አንገት ቀና አድርጎ እንኳ ሳያይ «ብሪጁን ዝቅ አድርገው፣ ሌላ ነገር የለውም» አለኝ። ቤት ገብቼ በብሩጎላ (ስድስት ጎን መፍቻ) ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባቸውን ሳድሎች አወረድኳቸው። አስር ደቂቃ አልፈጀም። እጄን ቀለለኝ፣ ደስ አለኝ።

ጥር ገባ፣ የሰርግ ወቅት። ለመጀመሪያው ሰርግ ስንለማመድ ወፍራሙ ክር ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው ፍሬት ድረስ ዝዝዝ ማለት ጀመረ። በገና ላይ ይህ ድምፅ ጌጥ ነው፤ እንዚራ የሚባለው ቆዳ ከክሩ ሥር የሚገባው ለዚሁ ነው። ቤዝ ላይ ግን ዜማውን ይበላዋል። ሳድሉን ከፍ አደረግኩ። አሁንም ዝዝዝ። እንደገና ከፍ አደረግኩ። ላይኛው ፍሬቶች ጋ ክሩ እንደ ነሐሴው ራቀ፣ የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ዝዝዝታ ግን ንቅንቅ አላለም። ሦስት ምሽት በዚህ አለፈ። ሰርጉንም እንደዚያው ተጫወትኩት፤ ወፍራሙን ክር እየሸሸሁ፣ ምት በመጣ ቁጥር እየተሳቀቅኩ። ሙሽሮቹ አልሰሙት ይሆናል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥፋቱ ብሪጁ ላይ አልነበረም። እንጨት በክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ አንገቱ ወደ ፊት ይጎብጣል፣ ክሩ ይርቃል። በበጋ ሲደርቅ ቀጥ ይላል፤ ያኔ ክሩ የሚርገበገብበት ቦታ ያጣል። ጠጋኙ ይህን ሊነግረኝ ይገባ ነበር። እኔም ልጠይቀው ይገባኝ ነበር።

መለኪያው ቀላል ነው። ቤዙን ቃኘሁ። ወፍራሙን ክር በአንድ እጄ መጀመሪያው ፍሬት ላይ፣ በሌላው መጨረሻው ላይ ተጫንኩ። ታናሽ ወንድሜ ሰባተኛው ፍሬት ጋ ቢዝነስ ካርድ ከክሩ ሥር ሊያስገባ ሞከረ። አልገባም። ክሩ ፍሬቱ ላይ ተኝቷል። ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ) በብሎኑ ወደ ግራ ሩብ ዙር ፈታሁት፣ መልሼ ቃኘሁት፣ አሳደርኩት። በማግስቱ ካርዱ ክሩን ሳያነሳ እየታከከ ገባ፤ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ብሎኑ እምቢ ካለ ግን አትታገሉት። እሱ ከተበላ አንገቱን ታጣላችሁ።

ብሪጁን የነካሁት ከዚያ በኋላ ነው። የጊታር አምራቹ የፌንደር መመሪያ ለብዙዎቹ ቤዞች 17ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ከፍሬቱ የሚርቀው ለወፍራሙ ክር 2.4፣ ለቀጭኑ 2 ሚሊ ይሁን ይላል። እኔ ለወፍራሙ 2.8 ነው የምተወው። ጭፈራ ሲደምቅ እጃችን ይከብዳል፤ በዚያ ምት 2.4 ላይ ያለ ክር ፍሬቱን ይመታል። መመሪያውን የጻፈው ሰው የጥር ሰርግ አልተጫወተም።

የቀረው ቅኝቱ ነው፤ 12ኛው ፍሬት ላይ ቅኝቱ ከፍ ካለ ሳድሉን ወደ ኋላ (ከአንገቱ ማራቅ)፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት። ይህ በቲዩነር (በቅኝት መለኪያ) ያልቃል።

አሁን ሰኔ መጨረሻና ኅዳር ላይ ካርዱን ከክሩ ሥር አስገባለሁ። ብሩጎላውን የማነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ያቺው ካርድ ከቤዙ ቦርሳ ኪስ ወጥታ አታውቅም።