«ስታስነጥሺስ?»

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ለክትትል ስሄድ አዋላጇ «ሽንት መቆጣጠር ያስቸግርሻል?» አለችኝ። «ኧረ በፍጹም» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «ስታስነጥሺስ? ጠብ ይላል?» ስትለኝ ፊቴ ጋለ። አዎ፣ ጠብ ይላል። ሁለት ወር ሆኖታል።

ዋሽቼ አልነበረም። ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ለኔ የአሮጊቶች ሕመም ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም።

«ስንት ጊዜ? ምን ያህል?» ስትለኝ ግን መልስ አጣሁ። የሦስት ቀን ማስታወሻ ያዢ አለችኝ። ደብተር ላይ ጻፍኩ፦ ሰዓት፣ የጠጣሁት፣ የሸናሁት፣ ያመለጠኝ፣ ያኔ ምን እያደረግሁ እንደነበር። የሸናሁትን መስመር ባለው የፕላስቲክ ጆግ ለካሁ። የመጀመሪያውን ቀን አበላሸሁት። ቁጥሩ እንዲያምርልኝ ውሃ ቀነስኩ። ለነፍሰ ጡር ይህ ጥሩ አይደለም፤ ማስታወሻውም ዋጋ ያጣል። በማግስቱ እንደወትሮዬ እየጠጣሁ እንደ አዲስ ጀመርኩ።

ከሁሉም የጠቀመኝ «ምን እያደረግሁ ነበር» የሚለው ነው። ሳስነጥስ። ከአልጋ ስነሳ። ባልዲ ሳነሳ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ «በር እየከፈትኩ፣ ድንገት አጣደፈኝ» ይላል። ሆድ ሲጫን የሚያመልጥና አጣድፎ የሚያመልጥ ሽንት ሕክምናቸው ይለያያል። የኔ በአብዛኛው የመጀመሪያው ነበር።

ቀጥሎ ስለ ሽንት ማምለጥ የሚጠይቀውን፣ አይሲአይኪው የሚባለውን አጭር መጠይቅ ሞላሁ። ያለፉትን 4 ሳምንታት ነው የሚጠይቀው። ስንት ጊዜ ያመልጥሻል ከ0 እስከ 5፣ ምን ያህል ከ0 እስከ 6፣ ኑሮሽን ምን ያህል ያውካል ከ0 እስከ 10። ድምሩ ከ21 ነው። እኔ 3፣ 2 እና 8 ሞላሁ፤ 13። የሚያመልጠኝ ጠብታ ነው። 8ቱ ግን ሰው መሃል መሳቅ መፍራቴ ነው። ድምሩን ብቻ ያየ ሰው ይህን አያገኘውም።

ከወለድኩ በኋላ ሞዴስ መመዘን አማረኝ። ደረቁን መዝነሽ፣ ለ24 ሰዓት ያደረግሽውን መዝነሽ ትቀንሻለሽ፤ 1 ግራም በግምት 1 ሚሊ ሊትር ነው። ግን የወሊድ ደም እየፈሰሰ ምኑ ሽንት ምኑ ደም እንደሆነ አይለይም። ደሙ እስኪቆም ጠበቅሁ። ሚዛኔም በ5 ግራም የሚዘል ስለነበር በ1 ግራም የሚያነብ ተዋስኩ። ያወለቅሁትን ወዲያው በላስቲክ ካላሰርኩት ይደርቅና ይቀላል። ይህን ያወቅሁት አንዱን ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ትቼው ነው።

የመጀመሪያው 11 ግራም ሆነ። ከዚያ የታችኛውን ጡንቻ፣ ሽንት እንደሚይዝ ሰው፣ 8 ጊዜ መጭመቅና መልቀቅ፤ በቀን 3 ጊዜ፣ ለ3 ወር። ልጄን እያጠባሁ ነበር የምሠራው። በሦስተኛው ወር መጨረሻ በተመሳሳይ ሞዴስ፣ በተመሳሳይ የውሃ መጠን፣ እንዲሁ ቤት ውስጥ ስንጎዳጎድ በዋልኩበት ቀን መዘንኩ። 4 ግራም። መጠይቁ ደግሞ 7፦ 2፣ 2 እና 3። ቀኑን ሙሉ ተኝቼ ብውል ኖሮ ቁጥሩ ምንም አይነግረኝም ነበር።

አንድ ነገር ግን አደራ። በእርግዝና ጊዜ የሚፈሰው ሽንት ሳይሆን የእንሽርት ውሃ ሊሆን ይችላል፤ ካጠራጠረሽ ሳትመዝኚ ሂጂ። ከወሊድ በኋላ፣ በተለይ ምጡ ረጅም ከነበረ፣ ሳያቋርጥ ቀንና ሌሊት የሚፈስ ከሆነም ፊስቱላ ሊሆን ስለሚችል በቶሎ መታየት አለበት። ማቃጠልና ትኩሳት ካለም እንዲሁ።

ታናሽ እህቴ አሁን ስድስት ወሯ ነው። ባለፈው «ስታስነጥሺስ?» አልኳት። አቀርቅራ ቆየች። ደብተሬን ሰጠኋት፤ ብዙ ባዶ ገጽ ቀርቶታል።